«59 በመቶ» ከስንት?

ቴስቶስትሮንና መሰል የወንዴ ሆርሞኖች በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ ይገኛሉ፤ ልዩነቱ በመጠናቸው ላይ ነው። በእርግዝና ወቅት መጠናቸው ከልክ ሲያልፍ በፅንሱ ላይ ለውጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ በእንስሳት ላይ ከታየ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 ፊኒክስ፣ ጎይ፣ ጄራልና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እርጉዝ ጊኒ ፒጎችን ቴስቶስትሮን በመርፌ ሰጥተው፣ የተወለዱት እንስቶች ካደጉ በኋላ የተባዕት ጠባይ ማሳየታቸውን ገለጹ።

ወደ ሰው ልጅ ስንመጣ ግን ነገሩ ጥንቃቄ ይሻል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተባለው የጤና እክል ያለባቸው ሴቶች የወንዴ ሆርሞናቸው ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። በስዊድን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት፣ ከእነዚህ እናቶች በሚወለዱ ልጆች ላይ ኦቲዝም የመታየቱ ዕድል በ59 በመቶ ከፍ እንደሚል አመለከተ። ይህን የሰማች ነፍሰ ጡር «ከመቶ ልጆች 59ኙ» ማለት መስሏት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች አንድ አኃዝ ሲቀርብልን አስቀድመን «ከምን አንጻር?» ብለን እንጠይቃለን። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ልጆች 10ሩ ኦቲዝም ቢኖርባቸው፣ የ59 በመቶ ጭማሪ ቁጥሩን ወደ 16 ገደማ ያደርሰዋል። የቀሩት 984ቱ ኦቲዝም አይኖርባቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ «የተለካው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥናቱ የተመሠረተው በጤና መዛግብት ላይ እንጂ በማሕፀን ውስጥ ባለው ሆርሞን ልኬት ላይ አልነበረም። የእናትየው እክልና የልጁ ኦቲዝም ከአንድ የዘር ውርስ የመነጩ ሊሆኑም ይችላሉ። ከዚህም በላይ የእንግዴ ልጅ አሮማቴዝ በተባለው ኤንዛይም አማካይነት የወንዴ ሆርሞንን ወደ ኤስትሮጅን ስለሚለውጥ፣ በእናት ደም ውስጥ ያለው ሁሉ ለፅንሱ አይደርስም። ጥናቱ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ የምርምር መነሻ እንጂ በእናት ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም ማለታችን ነው።

በአገራችን ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት በእርግማንና በኃጢአት ስትታማ ኖራለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ይህንኑ አመለካከት ታግለዋል። እኛ «እርግማን» የሚለውን ቃል በ«ሆርሞን» ተክተን ያንኑ ወቀሳ ብንቀጥል፣ ቃሉ ሳይንሳዊ ይሆናል እንጂ በደሉ አይለወጥም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለውን ዜና ለእህት ወይም ለጎረቤት ከማድረሳቸው በፊት፣ መቶኛው ከስንት እንደተነሣና ምን ተለክቶ እንደተገኘ እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።