ማኅበራችን ለሚያፈስ ጣሪያም ይድረስ

ርእሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው ሁሉ ክረምቱ በራፋችን ላይ ነው። ሰኔ ገብቶ የእንጦጦ ጋራ ሲጠቁር ሁላችንም ቀና ብለን የምናየው የየቤታችንን ጣሪያ ነው። በሲግናልና በአካባቢው ብዙዎቻችን የምንኖረው ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ በሆነ ቤት ስለ ሆነ፣ ለገበሬው በረከት የሆነው ዝናብ ለእኛ የባልዲና የሳፋ ወራት ነው። በዚህ እትም ልንነጋገርበት የፈለግነውም ይኸው ጉዳይ ነው። ማኅበራችን የዕድሩንም ሥራ አብሮ የያዘ እንደ መሆኑ እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ፈጥኖ ደርሷል። ከእንግዲህ ቤት ሲያፈስም መድረስ አለበት እንላለን።

ነገሩን እንዲሁ ከመሬት ተነሥተን አላመጣነውም። ባለፈው ክረምት በነሐሴ ወር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት እናታችን የጓዳ ግድግዳ ሌሊት ተናደ። ጎረቤት ተሯሩጦ ዕቃቸውን አወጣ። ዝናቡ አላባራ ሲል የሰፈሩ ልጆች የማኅበሩን ድንኳን ከዕቃ ቤት አውጥተው በፈረሰው ጎን ላይ ወጠሩት። ድንኳኑ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በዚያ በኩል የሚያልፈው ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን ያዘቀዝቅ ነበር። እናታችንም በራፋቸው ላይ ተቀምጠው «ኧረ እኔው ነኝ፣ አለሁ፤ ግቡና ቡና ጠጡ» ይሉ ነበር። ሰው ሳቀ፣ ቡናውንም ጠጣ፤ ግድግዳውም በመጨረሻ በጎረቤት እጅ ተመረገ።

ከዚያ በኋላ ግን ቅሬታ መጣ። «የሐዘን ድንኳን ለዚህ ተብሎ አልተገዛም፤ በእነዚያ ቀናት ሰው ቢሞትብን ኖሮ ምን ይዘን ልንቆም ነበር?» ያሉ አባላት አሉ። ቅሬታቸው ከክፋት የመጣ አይደለም። የዕድር ገንዘብና ዕቃ አደራ ነው፤ በአደራ ቀልድ የለም። ይሁን እንጂ እኛም በበኩላችን አንድ ጥያቄ አለን። እኚያ እናት ግድግዳው ተጭኗቸው ቢሞቱ ኖሮ ድንኳኑ ያለ ክርክር ይተከል፣ ንፍሮው ይቀቀል፣ ገንዘቡም ይከፈል ነበር። በሕይወት በመትረፋቸው ነው ክርክሩ የተነሣው። ታዲያ ይህ ነገር ትንሽ አያሳስብም ወይ?

ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሌሎች የከተማችን ሰፈሮች ቀደም ብሎ ተፈትኗል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀብሩ አልቻል ብሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው አንዳንዶቹ «ቀባሪ ብቻ ሆነን መቅረት የለብንም» ብለው በሽተኛ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመሩት። ዕድር መሆናቸው አልቀረም፤ ይልቁንም ተጠናከሩ።

እንግዲህ ቤቶቻችን እንዴት ወደዚህ ደረጃ ደረሱ? ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተባለ። የዝቅተኛ ቤት ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። አዛውንቶቻችን ስለዚያን ጊዜ ሲያወሩ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከቤት አከራይ ግልምጫ የወጣበት ቀን ብሎ ያመሰግናል፤ ሌላው በላቡ የሠራው የተወሰደበት ቀን ብሎ እስከ ዛሬ ያዝናል። ሁለቱም ዛሬ እዚሁ ሰፈር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ኪራዩ ለዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ሲቆይ ቤቱን የሚጠግን ገንዘብ ከየትም አልመጣም። ተከራዩ «የመንግሥት ቤት ነው» አለ፤ አስተዳደሩ «በጀት የለም» አለ፤ ምስጡም በመካከል ምሰሶውን በላ።

የግል ቤት ያለንም ብንሆን ከዚህ የተሻልን አይደለንም። ልጆች ሳለን ቤት የሚሠራው በደቦ ነበር። በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ለከተማው ማገዶም ማገርም ነበር። እናቶች ከጋራው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ሲወርዱ ያላየ የሰፈራችን ሰው የለም። አፈር ይቆፈራል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያም ለቀናት እየተረገጠ እንዲቦካ ይተዋል። ጭቃ ረገጣው የእኛ የልጆች ሥራ ነበር፤ ደመወዛችንም ቆሎና አምባሻ። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ከአባቶቻችን የተማርነው እግራችን ጭቃ ውስጥ ሆኖ ነው። ዛሬ ግን ሁሉም በየግቢው ቆልፎ ለብቻው ሠራተኛ ይቀጥራል፤ መቅጠር ያልቻለ ደግሞ ለብቻው ይበሰብሳል።

የገንዘቡን ነገር ሁላችንም በየኪሳችን እናውቀዋለን። ለብዙ ዓመታት አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር ቆይቶ በ1985 ወደ 5 ብር ሲደርስ ሰው ጉድ ብሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ዶላር ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ቆርቆሮ የሚሆነው ብረት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዶላር እዚህ ጣሪያችን ድረስ ይመጣል። ስለዚህ «በሚመጣው ዓመት ይረክሳል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ዘንድሮ በአንድ ቅጠል ቆርቆሮ የሚደፈነው ቀዳዳ፣ ከርሞ ማገሩንና ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል።

ሌላው መናገር ያለብን ነገር ድግሳችን ነው። ለሠርግና ለተዝካር ተበድረን በሬ እንጥላለን፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ልጆቻችን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አልጋ እየገፉ ያድራሉ። ከዓረብ አገር እህትና ልጅ ለፍታ የላከችው ገንዘብ እንኳ አንዳንዴ በአንድ ቀን ድግስ ያልቃል። ድግስ ይቅር አንልም፤ ወግ ነው። ግን ከመደገሳችን በፊት አንድ ጊዜ ቀና ብለን ጣሪያውን እንየው።

«ነገ ለሚነሣ ቤት ዛሬ ለምን እናወጣለን?» የሚል ሐሳብም በሰፊው ይሰማል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሲመጣ ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ሰውም ከለመደው ጎረቤት ተለይቷል። ማን መቼ እንደሚነሣ ማኅበራችን የሚወስነው ነገር አይደለም። ክረምቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል። አንድ ክረምት ሙሉ ልጅ ሳይታመም፣ ሽማግሌ ሳይበርደው ካለፈ የወጣው ወጪ ከንቱ አልቀረም።

እስከዚያው እያንዳንዳችን ያለ ብዙ ወጪ የምንሠራው አለ። የጣሪያ ምስማር ከነጎማው የሚመታው ከፍ ባለው የቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ ራሱ ቀዳዳ ይሆናል። የላላውን ማጥበቅ፣ ትንሿን ቀዳዳ በቅጥራን መድፈን፣ አሸንዳውን ከቅጠል ማጽዳት ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ሳስቷል ማለት ነው። በርካሽ ተገዝቶ ቶሎ የሚበሳ ርካሽ አይደለም። ከሁሉም በላይ ከጋራው በኩል የሚወርደው ጎርፍ የግድግዳችንን ሥር እንዳይበላ በየአጥራችን ያለውን ቦይ እንጥረግ። የአንዱ ቦይ ሲደፈን የታችኛው ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚፈርሰው።

የሥራ ኮሚቴው ለጠቅላላ ስብሰባው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የቀብሩ መዋጮ አይነካም፤ አንድ ሳንቲም ከእርሱ አይወጣም። ከእርሱ ውጭ እያንዳንዱ አባል በወር 20 ብር ለቤት ጥገና ያዋጣ፤ ሒሳቡም ለብቻው ይያዝ። ተራው የሚወጣው በትውውቅ ሳይሆን በችግር መጠን ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች ይቀድማሉ። ከየመንደሩ የተመረጡ ሦስት ሰዎች ቤቱን በዓይናቸው አይተው ይመሰክራሉ። ለተረጂው የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን ቆርቆሮ፣ ምስማርና እንጨት ነው። መመለስ የሚችል ያለ ወለድ ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ የማይችል አይጠየቅም። ጉልበቱን እንደ ድሮው በደቦ እናወጣለን። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ከመጠገኑ በፊት ከወረዳው ፈቃድ ማውጣቱን እንዳይዘነጋ እናሳስባለን። ማመልከቻ መጻፍ የሚያስቸግረው ካለ ጽሕፈት ቤታችን ይጽፍለታል፤ ክፍያ የለውም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አባል ቢኖር በስብሰባው ላይ ተነሥቶ በግልጽ ይናገር፤ ደስ ይለናል። በጠላ ቤትና በታክሲ ወረፋ ከሚታማ እዚያው ቢነገር ይሻላል። ድንኳኑን በሚመለከትም ለሐዘን ብቻ ይሁን ካላችሁ እንቀበላለን፤ እንዲያውም የምንመኘው ይህንኑ ነው። ማንም ሕያው የሰፈራችን ሰው የሐዘን ድንኳን ሥር ማደር እንዳያስፈልገው ጣሪያውንና ግድግዳውን አስቀድመን እንጠግንለት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንዱ ቤት የከበደው ቆርቆሮ ለሰፈሩ ሁሉ ቀላል ነው። መልካም የክረምት ዝግጅት እንመኛለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሲግናል