የልጆች የበዓል ልብስ የአንድ ወላጅ ሸክም ብቻ አይሁን



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ድንኳን አለው። ድስት፣ ትሪ፣ ብርጭቆና አግዳሚ ወንበርም አለው። ሐዘን የደረሰበት ሰው «ድስት የለኝም» ብሎ ሲያፍር አይተን አናውቅም። ሰው ይልካል፣ ዕቃው በመዝገብ ተጽፎ ይወጣል፣ ሲያበቃ ታጥቦ ይመለሳል። ማንም ማንንም አይታዘብም። ለለቅሶ ይህን ያህል የተደራጀን ሰዎች ለልጆቻችን ደስታ ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ስንሯሯጥ እንገኛለን። ዛሬ የምናነሣው ይህንን ነው።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንዲት የማኅበራችን አባል ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ትገባለች። በሆቴል ወጥ ቤት እየሠራች ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ትልቋ ልጅ ከደብተሯ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አውጥታ ትሰጣታለች። ልጅቷ በማግሥቱ ጠዋት የሐመር የባህል ልብስ ለብሳ መድረክ ላይ እንድትገኝ የሚያዝ ወረቀት ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። የጂንካ ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው። የዲመካም ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ቢሆንም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚያ ሰዓት ገበያተኛው ተበትኖ ወደየመንደሩ ገብቷል። ታዲያ እናት ምን ታድርግ? ለቱሪስት ጌጣጌጥ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። የተነገራት ዋጋ የፈረንጅ ዋጋ ነው፤ የሳምንት ደመወዟን ይበላል። ሦስት ጎረቤት አንኳኳች፣ አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ጆንያ ቀድዳ፣ ከራሷ አንገት ላይ ጨሌ በጥሳ እስከ እኩለ ሌሊት ሰፋች።

ጠዋት ልጅቷ ጆንያውን አየችና «ሆዴን አመመኝ» አለች። ቤት ዋለች። እናትም ሥራ እንዳይረፍድባት ወጣች።

ይህንን የሰማነው ከወር በኋላ፣ ያውም ቡና ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲሰጣት ለእናቷ ማሳየት ትታለች። እናቷ እንዳትቸገር ብላ ትደብቀዋለች። የ9 ዓመት ልጅ የእናቷን ኪስ ማሰብ ከጀመረች ነገሩ የልብስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

መምህራንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። በዓሉም መልካም በዓል ነው። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዕለቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል። በ2017 ዓ.ም. 19ኛው በዓል ጎረቤታችን አርባ ምንጭ ላይ ተከብሯል። በእኛ በኦሞ ምድር አሪው፣ ማሌው፣ ሐመሩ፣ በናው፣ ፀማዩ፣ ካሮው፣ ዳሰነቹ፣ ሙርሲው፣ ኛንጋቶሙ፣ ሌላውም ሕዝብ አለ። ልጆቻችን እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ የማይፈልግ ወላጅ የለም።

ነገር ግን ልብሱ ከየት እንደሚመጣ እናስተውል። የሐመር እናት የምትለብሰው የፍየል ቆዳ በአንድ ሌሊት የሚደርስ አይደለም። ይፋቃል፣ ይታሻል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ዛጎሉና ጨሌው አንድ በአንድ ይሰፋበታል። የአሪ እናቶች ቀድሞ ከእንሰት የሚሠሩት ጉርድም የእጅ ሥራ ነው። እዚያው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ እንኳ ሸማኔ ተቀምጦ የሚሠራው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በማታ ወረቀት ታዝዞ ለጠዋት አይደርስም።

ሌላም ነገር አለ። ልብሱ ትርጉም አለው። በሐመር ዘንድ ከብረትና ከቆዳ የሚሠራ፣ ከፊቱ ጎላ ብሎ የሚወጣ የአንገት ጌጥ አለ። ይህንን የምታደርገው የመጀመሪያዋ ሚስት ናት። እኛ ግን ገበያ ላይ ስላማረን ብቻ ገዝተን ለሕፃን ልጅ እናጠልቃለን። አንድ ጊዜ አንዲት የሐመር እናት እንዲህ ያጌጠች ተማሪ መንገድ ላይ አይታ «ይቺን ደግሞ ማን አገባት?» ብላ ስቃ አስቃናለች። ሳቁ ሳቅ ነው፤ ግን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ አንሳሳትም ነበር።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንውቀስ። ቆዳ ለብሳ፣ ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብታ ቅዳሜ ገበያ የምትመጣዋን እናት ስናይ ዞር ብለን የምንስቅ ሰዎች አለን። ልጆቻችንም ከእኛ ይማራሉ። ያችው እናት ልጇን ለትምህርት ጂንካ ብትልክ፣ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የእናቱ ልብስ ሲሳቅበት ይከርማል። ኅዳር 29 ሲሆን ደግሞ ያው ልብስ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጨበጨብለታል። ልጁ የትኛውን ይመን? ከልብስ ኪራይ በፊት ይህንን ከቤታችን ብናስተካክል ይሻላል።

በዚህም መሠረት የሥራ አመራር ኮሚቴው ተነጋግሮ የሚከተለውን ለአባላት አቅርቧል።

1ኛ. በማኅበሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ለልጆች የባህል ልብስ አንድ የእንጨት ሳጥን ይቀመጣል። ድስትና ትሪ እንደምናወጣው ሁሉ ልብሱም በመዝገብ ተፈርሞ ይወጣል፣ ታጥቦና ተጠግኖ ይመለሳል። ኪራይ የለውም።

2ኛ. ልጁ ያደገበት፣ ልብሱ የጠበበው ቤተሰብ ሁሉ ያለውን ያምጣ። አሮጌ ነጠላ፣ የተበጠሰ ጨሌ፣ የተረፈ ቁራጭ ቆዳ፣ ዛጎል፣ አምባር፣ ምንም አይናቅም። የዳሰነች እናቶች ከተጣለ የጠርሙስ ቆርኪ የሚያምር የራስ ጌጥ ይሠራሉ። እኛ ቆርኪውን እንጥላለን፣ እነሱ ጌጥ ያደርጉታል። ከእነሱ እንማር።

3ኛ. መስፋት የሚችሉ እናቶችና አባቶች እሑድ ከቀትር በኋላ ለ2 ሰዓት ያህል ይሰባሰባሉ። በሠፈራችን ያሉ የሐመር፣ የበና፣ የአሪና የማሌ ሽማግሌዎችና እናቶች መጥተው የትኛው ልብስ ለማን እንደሚገባ እንዲነግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን። ቡናው በማኅበሩ ነው። ልጆችም ይምጡ፤ የሚለብሱትን ነገር ስምና ትርጉም ከባለቤቱ አንደበት ይስሙ። መድረክ ላይ ከመዞሩ ይልቅ ይህኛው የበለጠ ትምህርት ነው።

4ኛ. በአካባቢያችን ላሉ ትምህርት ቤቶች በማኅበሩ ስም ደብዳቤ እንጽፋለን። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልብስ የሚያስፈልግ ከሆነ ወላጅ ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ እንዲያገኝ ቀደም ብሎ ይነገረው። ሁለተኛ፣ ልብስ ያላገኘ ልጅ ንጹሕ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ይቁም፤ ከመድረክ አይቅር። ይህ ለመምህራንም ከባድ የሚሆን አይመስለንም፤ እነሱም ወላጆች ናቸው።

«ለልጅ ጨዋታ ይህ ሁሉ ስብሰባ ምንድን ነው?» የሚሉ እንደማይጠፉ እናውቃለን። እንዲህ ለሚሉ መልሳችን አጭር ነው። ያቺ እናት ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠራው ለእነዚህ ልጆች ነው። የምትሠራው ሥራ ራሱ ከልጇ በዓል የሚያስቀራት ከሆነ ጎረቤት ምን ይሠራል? በሐዘኗ ጊዜ ድንኳን ተከልንላት። ልጇ ስትጨፍር ደግሞ ልብስ እናልብስላት። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

በዓሉ ሳይደርስ ያሉት ቅዳሜዎች ጥቂት ናቸው። ሳጥኑ ተሠርቷል፤ ውስጡ ግን እስካሁን ያለው አንድ ነጠላና አንድ ጥንድ አምባር ብቻ ነው። የቀረውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ዕቃ ቤቱ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ጀምሮ ክፍት ነው።

ያቺንም ልጅ አንርሳት። ዘንድሮ ወረቀት ሲሰጣት ሳትደብቅ ለእናቷ እንድታሳይ እንፈልጋለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጂንካ