«ናቹራል» ብለው ያነጧት ሙሽራ

ስለ ዶላር፣ ስለ ነዳጅና ስለ ኑሮ ውድነት ስንጨቃጨቅበት በከረምንበት ቻናል ዛሬ ስለ ሙሽራ ሜካፕ ልጽፍ ነው። «ምን ነካሽ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ስደቡኝ።

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን፣ ሚዜዎቹን ከየቤታቸው ለቅመን ሳሎን ገባን። ልጅቷ ጠይም ናት፤ ጥርት ያለች ጠይም። ለባለሙያዋ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ናቹራል ይሁንልኝ፣ ራሴን መምሰል ነው የምፈልገው።» «እሺ የኔ ቆንጆ» ተባለች። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጣ ስትነሳ ፊቷ ነጭ ጤፍ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። ከአገጯ በታች ፊቷና አንገቷ የሚለያዩበት መስመር በግልጽ ይታያል። «ትንሽ አልነጣችም እንዴ?» አልኩ። «ፎቶ ላይ እንዳትጨልም ነው፣ እትዬ፤ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርገንላት ነው» ተባልኩ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ የሙሽራው ወገን እየደወለ ነው፣ እናቷ በጭንቀት ላብ ላብ ብሏታል። በዚህ ሰዓት «እጠቡትና እንደገና ጀምሩ» የሚል ማን ነው? እኔም አላልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አልበሙ ሲመጣ ያ የተለመደው ፎቶ አለበት፤ ቀለበቱ እንዲታይ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ የተነሳችው። እጁ የእሷ ነው። ጉንጩ የማን እንደሆነ እንጃ።

«ከፍ አድርገንላት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ነጣ ያለው ቁጥር «ከፍ» ነው፣ ጠቆር ያለው «ዝቅ»። ይህን ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም፤ ከእኛው ነው የተማረችው። ልጅ ሲወለድ ጾታውን ጠይቀን ሳንጨርስ «ቀይ ነው ወይስ ጥቁር?» የምንል እኛ ነን። ስለ ታጨች ልጅ ሲወራ «ቀይ ናት አሉ» የሚለው ወሬ እንደ ጥሎሽ የሚቆጠረው እኛው ቤት ነው። የሚገርመው ደግሞ ዘፈናችን ጠይምን ሲያሞካሽ ነው የሚውለው። ሰርጉ ላይ በዚያው ዘፈን እንጨፍራለን፣ ጠይሟን ግን ጠዋት ሳሎን ቀብረናት መጥተናል።

አያቶቻችንም ሙሽራ ያስውቡ ነበር። ኩል ተኩላ፣ እጅና እግሯ እንሶስላ ሞቆ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር የምትወጣው። ኩሉ ዓይኗን ያጎላል፣ እንሶስላው እጇን ያቀላል። የፊቷን ቆዳ ግን እንደ ጥፋት ቆጥሮ የሚሸፍን አልነበረም። ድሮ ሁሉ ደግ ነበር ልል አይደለም፤ በልጅነት የሚዳሩበት ዘመን ምኑ ይናፍቃል። መዋብና መንጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ግን ያውቁ ነበር።

መከራከሪያውን አውቀዋለሁ። «ሙሽራ አንድ ቀን ናት፣ ካልደመቀች መቼ ትድመቅ?» ትድመቅ! ቀይ ሊፕስቲክ ትቀባ፣ ሽፋሽፍት ታስረዝም፣ ወርቅ የመሰለ ቀለም ዓይኗ ላይ ታድርግ፤ የፈለገችው የተከመረ ሜካፕ ከሆነም መብቷ ነው። እኔ የምጣላው ናቹራል ብላ የጠየቀችውን ሴት ቆዳዋን ለውጦ «ይኸው ናቹራል» ከሚላት ጋር ነው። ያ ማታለል ነው፣ ብር ተቀብሎ የሚደረግ ማታለል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ካሜራው ነው። ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ቆዳ ይጨልማል የሚለው ወሬ ሥር የለውም አልልም፤ በፊልም ዘመን የቀለም ሚዛኑ ይስተካከል የነበረው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የዛሬ ካሜራ ግን ያ አይደለም። ጠይም ሴት ፎቶ ላይ ከጨለመች ብርሃኑን ያላስተካከለው ፎቶግራፈሩ ነው፣ ሒሳቡን ፊቷ ሊከፍልለት አይገባም። እንዲያውም ፍላሽ ሲበራ ፊትን እንደ መንፈስ የሚያነጣው ብዙ ጊዜ ሜካፑ ራሱ ነው፤ ዓይን ሥር የሚከመረው ነጭ ፓውደር፣ የፀሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽን የፍላሹን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል።

«ለጠይም የሚሆን ቀለም የለም» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። ሶማሊያዊቷ ኢማን ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚሆን የራሷን ሜካፕ ማምረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የእኛዋ ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ሎደር መልክ ሆና ስትመረጥ ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ በ40 ዓይነት ቀለም ገበያ ሲወጣ ሌሎቹም ተከትለው ቀለም ለመጨመር ተሯሯጡ። እውነት ነው፣ እዚህ ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ግን ሁለት ቀለም ቀላቅሎ የሙሽራዋን ቆዳ ማግኘት የሙያው ሀሁ ነው።

ከሰርጉ በኋላ ነገሩ አላስተኛኝ ብሎ ሥራውን የሚችሉ ልጆች ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ናቹራል ከተከመረው ይከብዳል አሉኝ፤ የሚደበቅበት ስለሌለ። ሙሽራዋ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብላ ለሙከራ ትመጣለች። ቀለሙ የሚመረጠው እጅ ላይ ሳይሆን አገጭና አንገት በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ከዚያ የሳሎኑን አምፑል ትቶ ውጭ በፀሐይ ማየት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋ ምንም አይሸሽግም። የቆዳው ውስጠኛ ቀለም ወደ ቢጫ ይሁን ወደ ቀይ ያደላ እንደሆነ ይታያል፤ ይህን የሳተ ፋውንዴሽን ጠይም ፊት ላይ አመድ ይመስላል። ቆዳው በደንብ ረጥቦ ፋውንዴሽኑ በስሱ ይቀባል፣ የሚሸፈነው መሸፈን ያለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ብጉር የተወው ጥቁረት፣ ዓይን ሥር ያለ ድካም። ፓውደር ግንባርና አፍንጫ አካባቢ ብቻ። ቬሎና ቀሚሱ አንገትና ደረት ካሳየ እዚያም ይዳረሳል። ሲያብሰው የሚውል ሰው ደግሞ ያስፈልጋል፤ ያለቀሰች እንደሆነ (ማልቀሷ አይቀርም) በሶፍት እንጥብ እንጥብ ማድረግ እንጂ በላዩ ፓውደር መጨመር የለም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ቁጥር ከፍ ማድረግ የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

ሜካፑ በሳሙና ይለቃል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከእሱ በፊት ያለው ነው። ብዙ ልጆች ሰርጉ ሁለትና ሦስት ወር ሲቀረው «ፊት የሚያጠራ» ክሬም ይጀምራሉ። አንዳንዱ ስያሜው በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ ነው። ከማንጫ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ የተገኘባቸው ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ሜርኩሪ ኩላሊት እንደሚጎዳ ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ የሚናማታ ስምምነትም ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ ክሬም ከ2020 በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገርም እንዳይወጣና እንዳይገባ ደንግጓል። ሌሎቹ ውስጥ ያለው ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። መጀመሪያ ፊቱን ያቀላዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ «ወይ ማማርሽ!» ይባላል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፤ ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይቆጣል። ያኔ ሰርጉ አልፏል፣ የሸጠላትም ሰው አያውቃትም።

ታዲያ ይህ «የሴቶች ወሬ» ነው? ወንድሞቼ፣ እናንተም አላችሁበት። ገና ሳትታጭ «እህቷ ትሻላለች፣ ቀላ ትላለች» ብላችሁ የምትቀልዱትን ቀልድ ልጅቷ ሰምታዋለች።

የእህቴ ልጅ በመልሱ ቀን ሳሎን አልሄድም አለች። ፊቷን ታጥባ፣ ቅባት ነክታ፣ ኩል ተኩላ፣ ሊፕስቲኳን ራሷ ቀባች። እናቷ «ኧረ ሰው ምን ይላል!» ብላ ስትንጎራጎር ነበር። ሳሎን ቤታቸው ግድግዳ ላይ አሁን የተሰቀለው ግን የመልሱ ፎቶ ነው፤ የሰርጉ አልበም ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ከፋሲካ በኋላ የምታገቡ ልጆች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያዋን አገጫችሁ ላይ ቀለም እንድትሞክርና በር ላይ ወጥታችሁ በፀሐይ እንድታዩት ጠይቋት። «አያስፈልግም፣ እኔ አውቃለሁ» ካለቻችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሳሎን ሂዱ።