መሥራት ካቆማችሁ ልኩን ልቀቁ!

አፕል እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኬዙ ሲከፈት፣ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሠሪዎቹ ፊርማ ታትሞ ይታያል። ሠዓሊ ሥዕሉ ላይ እንደሚፈርም ማለት ነው። ከኬዙ ጀርባ ደግሞ የባትሪ ቦታ አለ፤ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን የሚዘጋ። ያ ክዳን የጠፋበት ሰው ዛሬ አፕል ዘንድ ቢሄድ ክዳኑንም አያገኝም፣ ልኩንም አያገኝም። ሥራውን እንደ ጥበብ ቆጥሮ ያስፈረመ ኩባንያ፣ ሥራው ሲሰበር "አላውቅህም" ይለዋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የአፕል ብቻ ጠባይ አይደለም። የቆየ ኮምፒውተር ይዞ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚቸገረው በተመሳሳይ ነገር ነው፦ የኬዙን የላይና የታች ክፍል የሚያያይዙ የፕላስቲክ ጥርሶች፣ የጎማ እግሮች፣ የዲስክ ማስገቢያ የፊት ሽፋን፣ የማብሪያ ቁልፍ፣ የላፕቶፕ ማጠፊያ። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይህ ነው፦ ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ካፓሲተር ቢበላሽ በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ተፈልጎ ይገኛል፤ ዛሬም ይመረታል። ብዙ ቺፖችም ቁጥር ስላላቸው በቁጥራቸው ይፈለጋሉ። ፕላስቲኩ ግን ከዚያ አንድ ሞዴል በቀር የትም አይገጥምም። ረቂቁ ነገር ይተካል፣ ተራው ነገር አይተካም።

"ኬዝ ጌጥ ነው፣ ምን ያስጮኻል?" የሚል ይኖራል። ኬዝ ጌጥ አይደለም። ማዘርቦርዱን ይዞ የሚያቆመው፣ የአየር ማራገቢያው ንፋስ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው፣ የሰው እጅ ከኤሌክትሪክ ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክለው እሱ ነው። የድሮው ማኪንቶሽ ሆድ ውስጥ በሺዎች ቮልት የሚሠራ የስክሪን ቱቦ አለ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሽፋኑ ተሰንጥቆ መጠቀም ጌጥ ማጣት ሳይሆን ራስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ገዝቶ ያርዳል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል። እያንዳንዱ ጥገና በዓለም ላይ የቀሩትን ማሽኖች በአንድ ይቀንሳል ማለት ነው። ከታረደው የሚገኘው ክፍልም ቢሆን ዕድሜው ያው ነው። በዚያ ዘመን ኬዝ የሚሠራበት ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ እሳት እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ይቀላቀልበት ነበር፤ ብርሃንና ጊዜ ሲያገኙት ቢጫ ይሆናል። በ1990ዎቹ ከተሠሩ የአፕል ኬዞች ብዙዎቹ ደግሞ ገና ሲነኩ እንደ ደረቅ ብስኩት የሚሰባበሩ ናቸው። ስለዚህ ናሙና ሆኖ የሚለካ ያልተሰበረ ክፍል በየዓመቱ እየጠፋ ነው።

የኮሞዶርን ታሪክ እንይ። ኮሞዶር 64 በ1982 ወጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ኩባንያው በሚያዝያ 1994 ከሰረና ንብረቱ ተበተነ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የኋለኛው ሞዴል፣ የኮሞዶር 64ሲ ኬዝ የሚፈስበት የመጀመሪያው ሞልድ ሳይቀልጥ በግለሰብ እጅ ገባ። አፍቃሪዎቹ ኪክስታርተር ላይ ገንዘብ አዋጡ፤ ከዚያው ሞልድ አዳዲስ ኬዞች ወጡ። የዚያው ኩባንያ አሚጋ 1200 ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ለእሱ አዲስ ሞልድ ከባዶ ማሠራት ግድ ሆነ፤ ዘመቻው በ2015 ተጀምሮ ኬዙ በሰው እጅ እስኪገባ ዓመታት ፈጀ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ብረት ከመቅለጥ ተርፏል፣ ሌላው አልተገኘም። በዕድል የተረፈ ነገር ደግሞ ሥርዓት አለ አያሰኝም።

ሕጉስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ኩባንያዎቹ ስለሚከለክሉ ነው" ብሎ ነው። የቅርጽ መብት ዘላለማዊ አይደለም። በአሜሪካ 15 ዓመት፣ በአውሮፓ ኅብረት ቢበዛ 25 ዓመት ነው። የ1980ዎቹ ኬዞች የቅርጽ ጥበቃ ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ የጎደለው ፈቃድ ሳይሆን መረጃ ነው። ኩባንያው መብቱን ሲያስመዘግብ ለመንግሥት የሚያስገባው የቅርጹን ሥዕል እንጂ በሚሊ ሜትር የተለካ የማምረቻ ንድፉን አይደለም። ሕዝቡ ለዓመታት ጥበቃ ሰጥቶ በመጨረሻ የተቀበለው ሥዕል ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አዲሶቹ "የመጠገን መብት" ሕጎች ጥሩ ጅምር ናቸው፤ ነገር ግን ጥያቄውን ያዘገዩታል እንጂ አይመልሱትም። የካሊፎርኒያው ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይሠራል፤ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጡ ዕቃዎች ምርቱ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲቀርብ ያዛል፤ የሚመለከተውም ከሐምሌ 2021 ወዲህ የተሠሩትን ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 ጀምሮ ለስልክና ለታብሌት ከገበያ ከወጡ በኋላ የ7 ዓመት መለዋወጫ ይጠይቃል። በስምንተኛው ዓመትስ? አምራቹ ንድፉን ለሕዝብ እንዲለቅ አይገደድም። የዛሬው ዕቃ በስምንተኛው ዓመት የኮሞዶር ዕጣ ይደርሰዋል።

ኩባንያዎች "ምስጢራችን ነው" ይላሉ። እውነት? አፕል የሊዛ ኮምፒውተርን የፕሮግራም ኮድ በ2023 በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በኩል ለቋል። ማይክሮሶፍት ኤምኤስ-ዶስ 4.0ን በ2024 ለማንም በነፃ ሰጥቷል። የኮምፒውተሩን አእምሮ የሰጠ ኩባንያ የክዳኑን ልክ ምስጢር ነው ማለት ያስቃል። አይቢኤም ደግሞ በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ የሰርኪዩቱን ሥዕልና የባዮሱን ኮድ በመጽሐፍ አሳትሟል። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን መለኪያ ይፋ አደረገ፤ የብሎን ቀዳዳው የት እንደሚሆን፣ የኋላው ክፍት ቦታ ስንት እንደሚሰፋ። በዚህም ምክንያት የዛሬ ማዘርቦርድ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተሠራ ኤቲኤክስ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ልኩ በመለቀቁ ኢንቴል ከሰረ? ይልቁንም ትልቅ ኢንዱስትሪ ተፈጠረ።

"ስሪዲ ፕሪንተር አለ አይደል?" ለሚሉም መልስ አለ። ፕሪንተሩ የሚያትመው የተሰጠውን ፋይል ነው። ፋይሉን ለማዘጋጀት ያልተሰበረ ናሙና ያስፈልጋል፤ ያልተሰበረ ናሙና ቢኖር ደግሞ ጥያቄው ባልተነሳ። በንብርብር የታተመ የፕላስቲክ ጥርስም በሞልድ ከፈሰሰው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ግን የሚያትመውን ልክ ስጡት።

ሌላው ክርክር "ይህ የፈረንጅ ትዝታ ነው፣ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው?" የሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ወደ ጥገና ቤት ይዞ የገባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ማጠፊያው የያዘበት ፕላስቲክ ሲሰነጠቅ ጠጋኙ በሱፐር ግሉ ያጣብቀዋል፤ እንቢ ሲለው በስቶ በብሎን ያስረዋል። ውስጡ ጤነኛ ነው፤ የሚገድለው የጥቂት ብር ፕላስቲክ ነው። ሌላ ዓለም "አሮጌ" ብሎ የጣለው ኮምፒውተር እዚህ የተማሪ መማሪያ፣ የጽሕፈት ቤት እንጀራ ነው። ምናለሽ ተራ ያለ ሰው ከወደቀ ብረት ምድጃና ባልዲ ያወጣል። ለዚህ ሰው የጎደለው ብልሃት ሳይሆን ልኩ ነው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ አምራች መለዋወጫ ማቅረቡን ባቆመበት ቀን የእያንዳንዱን የውጭ ክፍል ልክ፣ የፕላስቲኩን ዓይነትና የቀለሙን ቁጥር ለሕዝብ ይልቀቅ። ሁለተኛ፣ ኩባንያ ሲከስር ሰነዱ አብሮት እንዳይቀበር ንድፉ ገና ሲመዘገብ በመንግሥት እጅ ይቀመጥ፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈት። ሦስተኛ፣ ሞልድ ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት የሚፈልገው ሰው እንዲገዛው በይፋ ይነገር።

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችም ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለባቸውም። ኮምፒውተር በጨረታ በብዛት የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይችላል፦ "አቅራቢው መለዋወጫ ማቅረብ ሲያቆም የኬዙንና የማጠፊያውን ንድፍ ያስረክባል።" በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ የሚገዛ ደንበኛ ይህን ለመጠየቅ አቅም አለው። ሳይጠይቅ የሚገዛ ግን ዛሬ ለማሽኑ፣ ነገ ለተሰበረው ፕላስቲክ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለአዲስ ማሽን ሦስት ጊዜ ይከፍላል።