«ውል አልፈረምንም» ለሚል አከራይ

ቤት የምታከራዩ ወገኖች ይህን ጽሑፍ በተለይ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ሰሞኑን በአንድ የኪራይ ጉዳይ ሽምግልና ተቀምጬ ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም የጌታ ሰዎች ናቸው። ሊጋቡ ቀን የቆረጡ ወጣቶች አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት አይተው ወደዱ። አከራዩ ወንድም ዋጋውን ጠቅሶ «ቤቱን ለእናንተ ይዤዋለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ለሌላ አልሰጥም» ብሎ በቴሌግራም ጻፈላቸው። ልጁም ይህን አምኖ የነበረበትን ቤት እንደሚለቅ ለባለቤቷ አስታወቀ። ወሩ ሳያልቅ ግን ደላላው የተሻለ የሚከፍል ሰው አመጣ፤ ቤቱም ለዚያ ሰው ተሰጠ። ወንድማችን ሲጠየቅ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፦ «ውል እኮ አልፈረምንም።»

የሕግ ባለሙያ ባልሆንም ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጊዜ ወስኖ ለሌላው «እንዋዋል» የሚል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ ይታሰራል ይላል። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በሌላ በኩል የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ ቀብድ ሳይከፍል የቴሌግራም መልእክት ብቻ ይዞ ችሎት የሚቆም ሰው ብዙ ክርክር ይጠብቀዋል። ወንድማችን ምናልባት ይረታ ይሆናል።

በእግዚአብሔር ፊትስ ይረታል? እኔ አይመስለኝም።

ኢያሱ ምዕራፍ 9ን አስቡ። የገባዖን ሰዎች አሮጌ ጫማ አድርገው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው፣ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው እስራኤልን አታለሉ። አለቆቹም ማሉላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ማታለሉ ታወቀ። ከዚያ የበለጠ ውል የሚያፈርስ ምክንያት ከየት ይመጣል? አለቆቹ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያን ቃል ስላፈረሰ በዳዊት ጊዜ ሦስት ዓመት ረሀብ ሆነ (2ኛ ሳሙ. 21)። በማታለል የተገኘው ቃል ይህን ያህል ከከበደ፣ ማንም ሳያታልለን በገዛ እጃችን የጻፍነውስ?

«እነርሱ በእግዚአብሔር ስም ምለው ነው፤ እኔ የጻፍኩት በስልክ ነው» የሚል ይኖራል። ጌታ በተራራው ስብከቱ የነካው ይህንኑ ነው (ማቴ. 5፥33-37)። በሰማይ የማለ፣ በኢየሩሳሌም የማለ፣ በራሱ የማለ እየተባለ ቃል በደረጃ ይመደብ ነበር። ጌታ ደረጃውን ሁሉ አፍርሶ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን አለ። እኛ ደግሞ ማኅተም ያለበት፣ ፊርማ ያለበት፣ በቴሌግራም የተላከ እያልን መልሰን እየገነባነው ነው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ይህ እንኳ በዝቷል፤ ዮፍታሔ ወደ ሄደበት መንገድ ይወስዳል (መሳ. 11)። እኔ አከራይ በምንም ምክንያት አሳቡን አይለውጥ አልልም። እናቱ ታመው ከገጠር ቢመጡና ማረፊያ ቢያስፈልጋቸውስ? ምሳሌ 6 ስለ ዋስ ሲናገር፣ በአፉ ቃል የተያዘ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ወደ ባልንጀራው ሄዶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲለምን ይመክራል። ልብ በሉ፤ የሚለምነው ቃል የሰጠው ሰው ነው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የመፍታት ሥልጣኑ በሰሚው እጅ ሆኗል። ስለዚህ ወንድማችን ቤቱን ከመስጠቱ በፊት ለወጣቶቹ ደውሎ «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፤ ትለቁኛላችሁ?» ማለት ነበረበት። እንቢ ካሉ ቤቱ የእነርሱ ነው። እሺ ካሉም በእርሱ ቃል ምክንያት ያወጡትን ይካሳቸው። የተሻለ ዋጋ መምጣቱ ግን ለልመናም የሚያበቃ ምክንያት አይመስለኝም።

የብዙዎቻችን ችግር ክፋት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሰው ፊት ለፊት «ገና አልወሰንኩም» ማለት ይከብደናል፤ «አይዞህ፣ ያንተ ነው» እንላለን። ሰሚው ግን ሻንጣውን ያዘጋጃል። ያልወሰነ አከራይ «ሌሎችም እያዩት ነው፤ ቀድሞ ቀብድ ለከፈለ እሰጣለሁ» ብሎ ይጻፍ። ደረቅ መልስ ነው፤ ማንንም ግን ሜዳ ላይ አይጥልም።

በነገራችን ላይ ሦስት ቤት «እወስደዋለሁ» ብሎ ሦስት አከራይ የሚያስጠብቅ ተከራይም አለ። ለእርሱ የተለየ ወንጌል የለኝም።