«አርፈሽ ተቀመጪ» የምትባል ደግነት

ጊንጪ ላይ አንዲት እናት ስትሮክ መታቸው እንበል። አምቦ ተወስደው ታከሙ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፤ መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ጎረቤቱ «እንኳን እግዜር ማረዎት» ይላል። በቃ፣ አለቀ? ኧረ ገና መጀመሩ ነው! ጀበና ያነሳ የነበረው ቀኝ እጅ አልታዘዝ ብሏል። መልበሱ፣ ሽንት ቤት መቀመጡ፣ ፊት መታጠቡ የሰው እጅ ይፈልጋል። ልጆች ደግሞ «እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ይላሉ። እኔ ይህቺን ደግነት እፈራታለሁ። ቡና አፍልተው ሰፈሩን ይጠሩ የነበሩ ሰው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ያደርጋቸዋልና።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና የስሙ ነገር ይከነክነኛል። «የሥራ ሕክምና» ሲባል ሰሚው ስለ መሥሪያ ቤት የሚወራ ይመስለዋል። ሥራ ግን ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነቅቶ እስኪተኛ የሚያደርገው ሁሉ ሥራው ነው። ባለሙያው «ቤትዎ ምን ማድረግ አቃተዎት? የቱን አስቀድመን እንሞክር?» ብሎ ይጀምራል። ሲለብሱ የታመመውን እጅ ማስቀደም፣ ሲያወልቁ ማስከተል እንደሚቀል ያለማምዳል። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ያወፍራል። ለሽንት ቤት መሐሉ ክፍት የሆነ ወንበር ያሠራል።

«ይሄ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ቅንጦት? የአሜሪካው የሙያ ማኅበር በ1917 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ዓለም ጦርነት ላይ ነበር፤ ሙያውንም ያስፋፋው የጦር ቁስለኛው ነው። እኛስ ቁስለኛ አጥተን ነው? የጉደር አናጢ የሚሠራው ወንበር ምኑ ነው ቅንጦቱ? አናጢማ ሞልቷል፤ የጠፋው ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ባለሙያ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሙያውን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። እሰየው! ነገር ግን ተመራቂው አምቦ፣ ጌዶና ባኮ የሚቀጠርበት መደብ ካልተከፈተለት ዲግሪው ለጊንጪዋ እናት ምን ይፈይዳል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን መልሶ ማቋቋምን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል፤ አቅም በፈቀደ መጠን። ችግሩ፣ እኛ አገር ይህቺ «አቅም» የምትባል ቃል ከአንቀጹ ይልቅ ትታወሳለች።

መደቡ እስኪከፈት ቤተሰብ አንድ ነገር ይችላል። እናትየው ቡናውን ይልቀሙ፣ ሲኒውንም በደህናው እጃቸው ይደርድሩ። ቢዘገዩ ይጠበቁ፤ አንዷ ሲኒ ብትሰበርም ትተካለች።