ሴራሚኩን መጨረሻ ላይ ግዙ

እማዬ አሰላ ውስጥ የምትኖርበት ቤት በዕድሜ ይበልጠኛል። የጭቃ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው ያለው፤ ከበሩ 22 እርምጃ። ቆጥሬዋለሁ። ቀን ላይ 22 እርምጃ ምንም አይደለም። ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች የጭላሎ ሥር ከተማ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን ሌላ ነገር ነው። ጋቢ ትደርባለች፣ የስልኳን መብራት ታበራለች፣ ግድግዳ እየተደገፈች ትሄዳለች።

ግንቦት 2016 ላይ እቁብ ደረሰኝና ከመኝታ ክፍሏ ጋር የተያያዘ መታጠቢያ ቤት ልሠራላት ወሰንኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ቲክቶክ ከፈትኩ። እብነ በረድ የሚመስል ሴራሚክ፣ የመስታወት ሻወር፣ ጥቁር ቧንቧ፣ ከጀርባው የሚያበራ መስታወት... ስክሪንሾቴን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። በሁለት ቅዳሜ ከእቁቡ ብር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሴራሚክና መስታወት ሆኖ በአይሱዙ አሰላ ገባ።

ሠፈር ውስጥ የታወቁ አንድ ግንበኛ መጥተው ካርቶኖቹን አዩ፣ ቤቱን ዞሩት፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ውሃው የት ነው የሚሄደው?"

ዝም አልኩ። አላሰብኩበትም ነበር።

"ወደ ድሮው ጉድጓድ አይሆንም?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። አንድ ጊዜ ፍላሽ ሲደረግ ከ6 እስከ 9 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ግድግዳው ያልተገነባ የድሮ ጉድጓድ ያንን ሁሉ ውሃ አይችልም፤ ይሞላል ወይም ይደረመሳል። የእኛ ግቢ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው። ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ መሠረት ያናጋል። ስለዚህ በደንብ የተገነባ ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልጋል። ወደዚያ የሚወስደው የ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ደግሞ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ታንኩ 9 ሜትር ቢርቅ 18 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የክፍሉን ወለል ከፍታ የሚወስነው እንግዲህ ይኼ ቱቦ ነው፤ የእኔ ስክሪንሾት አይደለም።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ለጥፎ ሻወር መክፈትም አይታሰብም፤ ውሃው ሥር ሥሩን ገብቶ ቤቱን ይበላዋል። በብሎኬት ለብቻው፣ ከራሱ መሠረት ተነስቶ፣ ከመኝታ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ መሠራት አለበት። (ከዚህ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብሎ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህንንም አልጠየቅኩም ነበር።)

በዚህ መሀል ሰኔ ገባ። ጉድጓድ በክረምት ዋልካ ውስጥ አይቆፈርም። ካርቶኖቹ እማዬ አልጋ አጠገብ ተደረደሩ። ጨርቅ አልብሳ ረከቦቷን አስቀመጠችባቸው። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ገና ያልገዛሁት ቧንቧና ቦይለር አብሮ ሄደ። "እንኳን ሴራሚኩን ቀድመህ ገዛህ" የሚለኝ ጓደኛ አለ። እውነቱን ነው፣ ዋጋው ጨምሯል። ግን አስቀድሞ መግዛት ካስፈለገ ቱቦ፣ ፌሮና ገመድ ነበር መግዛት የነበረብኝ። ሴራሚክ ያለ ጉድጓድ ምን ይሠራል?

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት እማዬ ጭቃ ላይ ወደቀች። የእጅ አንጓዋ ተሰነጠቀ። ስልክ ላይ "ትንሽ ነው ልጄ፣ አትምጣ" አለችኝ። ሄድኩ። ክንዷ በጀሶ ታስሮ፣ ያ ውድ ሴራሚክ ካርቶኑን እንኳ ሳይፈታ አጠገቧ ተደርድሮ አየሁት።

ጥቅምት ላይ እንደገና ስንጀምር ግንበኛው ሁለተኛውን ጥያቄ አመጡ። "ለማን ነው?" ይኼኛው በጀቱን ገለባበጠው። ለእማዬ ከሆነ የመስታወት ሻወር ምን ያደርጋል? በኪሳራ ሸጥኩት። በእሱ ፋንታ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት፣ የማያንሸራትት የወለል ሴራሚክ፣ ደፍ የሌለው በር፣ ወደ ውጭ የሚከፈት። ውስጥ ብትወድቅ በሩን ከውጭ መክፈት መቻል አለብና።

ሂሳቡንም ያኔ ነው በቁም ነገር የሠራሁት። ክፍሉ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው። ዙሪያው 7 ሜትር፣ ሴራሚኩ እስከ 2 ሜትር ሲወጣ 14 ካሬ፤ በሩ ሲቀነስ 12.4፣ ወለሉ 3 ሲጨመር 15.4፣ ለስባሪ 10 በመቶ ሲታሰብ 17 ካሬ። እኔ 28 ካሬ ነበር የገዛሁት! ትርፉ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የአሰላ ምርጡ ማድ ቤት ሳይሆን አይቀርም።

ውሃና መብራትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቧንቧው ሲቋረጥ እንዳትቸገር 1000 ሊትር ሮቶ ሰቀልን። ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ በእንጨት ቆጥ ላይ አይሰቀልም፣ የብረት ማማ ይፈልጋል። አሰላ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ደግሞ ቅጣት ነው። እዚያው በቅጽበት የሚያሞቀው 5500 ዋት ማሞቂያ ዋጋው ይረክሳል፤ ግን 25 አምፔር ያህል ይስባል፣ የድሮ ቤት ገመድ ያቃጥላል። ባለ 1500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። እሱን መረጥን፤ ከቆጣሪው የራሱ መስመርና ኧርዝ ተዘረጋለት።

እማዬ ከመጀመሪያውም አልተስማማችም ነበር። "ከምተኛበት ክፍል ጋር ሽንት ቤት? ይሸታል!" ትል ነበር። የድሮ ሰው ነገር ብዬ አለፍኩት። ብር ሲያጥረኝ ደግሞ ከጣሪያ በላይ የሚወጣውን የአየር ቱቦ "ይቅር" አልኩ፤ ግንበኛው እየተቃወሙ። በሁለተኛው ሳምንት ሸተተ። አየር ስለሌለው ውሃው ሲወርድ ሲፎኑን ያደርቀዋል፣ ከዚያ የታንኩ ሽታ በቀጥታ ይገባል። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነበር። እሱን ለመግጠም አዲስ የተለጠፈ ሴራሚክ ሰበርን።

አሁን አንድ ሰው ለወላጆቹ እንዲህ ያለ ክፍል ላሠራ ነው ብሎ ሲያማክረኝ ገንዘቡን ሦስት ቦታ ክፈለው እለዋለሁ። ግማሹን ከመሬት በታችና ከግድግዳ ጀርባ ለሚቀረው፤ ከ100 ብሩ 15ቱን ላላሰብከው ነገር፤ ፎቶ የምታነሳውን በቀረው። ብሩ ካልበቃ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ይቆይ፤ ሴራሚኩ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ብዙዎቹ ፊታቸው ይጠቁራል። ቲክቶክ ላይ ሴፕቲክ ታንክ የሚያሳይ ሰው የለማ።

ክፍሉ ታህሳስ ላይ አለቀ። እማዬ ሌሊት አትወጣም። ቀን ቀን ግን አሁንም ጓሮ ነው የምትሄደው። "ፀሐይ እያለ?" ትለኛለች።